«ጃፓናዊው» ስም አለው

አንዲት አጭር ዜና ነበረች፤ አሥር መስመር እንኳ አትሞላም። የ48 ዓመቱ ታኩማ ሳቶ በግንቦት 2025 በኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ማጣሪያ ሁለተኛ ሆኖ ከፊተኛው መስመር እንደሚነሳ የምትናገር ዜና። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጠራው፤ እንዳንደናገር።) ለሁለት ጽፈን ለዴስኩ ኃላፊ ሰጠን። ስትመለስልን ርዕሷ «ጃፓናዊው አዛውንት ጉድ አሰኘ» ሆኗል። ታኩማ ሳቶ የሚለው ስም ደግሞ ከመጀመሪያው አንቀጽ ተነቅሎ መጨረሻው መስመር ላይ ተወርውሯል።

«ጋሼ፣ ስሙን ለምን አወረዱት?» አልን።

«ልጆች፣ ሳቶን ማን ያውቀዋል? ጃፓናዊ ስትሉ ግን ሰው ይገባዋል» አሉን።

እስቲ ምንድነው የሚገባው? ከቶዮታና ከካራቴ በቀር? መልስ አልነበረንም፤ ዜናዋም እንደታረመች ወጣች። ንዴቱ ግን እስካሁን አልበረደልንም። ምክንያቱም እሳቸው የሠሩት ነገር የእሳቸው ብቻ አይደለም። በዚህ ሰው ላይ ከእኛ መንደር እስከ አሜሪካ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ሲሠራ የኖረ ነው። የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ በአንዲት የዜግነት ቅጽል ጠቅልሎ መሸጥ ሲጀምር ስንፍና ነው፤ ሲቆይ ግን ከስንፍና የባሰ ነገር ይሆናል። የዛሬው ክርክራችን ይኸው ነው፤ ምስክራችንም ሳቶ ነው።

ሰውየው ማነው?

ታኩማ ሳቶ በ1977 ቶኪዮ ውስጥ ተወለደ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ሱዙካ ላይ የጃፓን ግራንድ ፕሪን አይቶ የአይርተን ሴና ወዳጅ ሆኖ ቀረ። ግን ወዲያው መኪና ውስጥ አልገባም። በዚህ ስፖርት ወግ ልጆች በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ትንሿን የካርት መኪና ይነዳሉ፤ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ደግሞ የአሥር ዓመት ልምድ አላቸው። ሳቶ በዚያ ዕድሜው ብስክሌት ይጋልብ ነበር። ሱዙካ ወደሚገኘው የሆንዳ የእሽቅድምድም ትምህርት ቤት የገባው ሃያ ዓመት ሞልቶት ነው። ለዚህ ሙያ ሃያ ዓመት ማለት፣ ለእኛ አርባ ሞልቶ ፊደል እንደ መቁጠር ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ የእንግሊዝ ፎርሙላ 3 ሻምፒዮን ሆነ። ከጃፓን ተነስቶ ያንን ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ነው። በዚያው ዓመት የማካው ግራንድ ፕሪንም አሸነፈ። በ2002 ጆርዳን የተባለው ቡድን ውስጥ ገብቶ ፎርሙላ 1 ጀመረ። የዓመቱን የመጨረሻ ውድድር በገዛ አገሩ ሱዙካ ላይ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

2004 ምርጡ ዓመቱ ነበር። በባር ሆንዳ መኪና ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሦስተኛ ወጥቶ ፖዲየም ላይ ቆመ፤ ከ1990ው አጉሪ ሱዙኪ ቀጥሎ ሁለተኛው ጃፓናዊ። ዓመቱን በ34 ነጥብ ስምንተኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያው ዓመት ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደተቃጠለበትም አይረሳም፤ ሞናኮ ላይ ከመኪናው የወጣው ጭስ መንገዱን ሁሉ ሸፍኖት ነበር። 2005 ደግሞ መዓት ሆነ፤ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ነጥብ። ቡድኑ አሰናበተው።

ከዚያ አጉሪ ሱዙኪ ራሱ ባቋቋመው ሱፐር አጉሪ በተባለ ደሃ ቡድን ተቀጠረ። ቡድኑ በ2006 ሥራ የጀመረው የአራት ዓመት አሮጌ መኪና አድሶ ነው። በዚህ ቡድን መኪና ነው በ2007 ካናዳ ላይ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው፣ የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑን ፈርናንዶ አሎንሶን ከነማክላረኑ ቀድሞት ስድስተኛ የወጣው። በግንቦት 2008 ገንዘብ አልቆ ቡድኑ ተዘጋ። ሳቶም ከፎርሙላ 1 በ44 ነጥብና በአንድ ፖዲየም ወጣ።

ብዙዎች እዚህ ላይ ፋይሉን ዘጉት። እሱ ግን በ2010 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ኢንዲካር ጀመረ። በ36 ዓመቱ፣ በሚያዝያ 2013፣ ሎንግ ቢች ላይ አሸነፈ፤ በኢንዲካር ታሪክ የመጀመሪያው ጃፓናዊ አሸናፊ። በ2017 ኢንዲያናፖሊስ 500ን አሸነፈ። በ2020 ደገመው። ያንን ውድድር ከአንድ ጊዜ በላይ ያሸነፉ ሰዎች እሱን ጨምሮ ያን ጊዜ 20 ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ «ማን ያውቀዋል?» የተባለው ሰው ይኸ ነው።

የመሳቢያዋ ቃል

በእንግሊዝኛው የእሽቅድምድም ወሬ ውስጥ ጃፓናዊ ተወዳዳሪ ከግድግዳ ጋር በተላተመ ቁጥር ከመሳቢያ የምትወጣ አንዲት ቃል አለች፤ ካሚካዜ። ሳቶ ብቻውን አይደለም የተጠራባት፤ ከእሱ በፊትም በኋላም የመጡት ቀምሰዋታል።

ቃሏ የምን እንደሆነች እናስታውስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ አውሮፕላናቸውን ከጠላት መርከብ ጋር እንዲያላትሙ የተላኩ ወጣቶች ስም ናት። ላይመለሱ የተላኩ ልጆች። ይህንን ቃል ቀበቶውን አጥብቆ፣ የነዳጁን መጠን አስልቶ፣ ለማሸነፍ ወደ ኩርባ በሚገባ ሰው ላይ መለጠፍ ቀልድ ነው? ለማን?

«አይ፣ ሳቶ እኮ ይጋጫል» የሚሉን አሉ። ልክ ናቸው። በ2004 ኑርበርግሪንግ ላይ ከሁለተኛ ቦታ ተነስቶ ውድድሩ እጁ ላይ ሳለ ባሪኬሎን ለመቅደም ሲወረወር የመኪናውን አፍንጫ ሰበረ። በ2005 ቤልጅግ ላይ ሚካኤል ሹማከርን ከኋላ ገጨው። በዚያው ዓመት በገዛ አገሩ ውድድር ያርኖ ትሩሊን ገጭቶ ውጤቱ ተሰረዘበት። ይህንን አንክድም፤ አድናቂዎቹ ነን ብለን አናለባብሰውም። «ካላጠቃህ ዕድል የለህም» የሚለው መፈክሩም ዋጋ አስከፍሎታል።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። ጣሊያናዊው አንድሪያ ደ ቼዛሪስም በመጋጨት የታወቀ ነበር። ምን አሉት? የገዛ ስሙን አጣመው «ደ ክራሸሪስ» አሉት። ፌዙ መራራ ነው፤ ግን የእሱ ነው፤ በእሱ ስም ላይ የተሠራ፣ ለእሱ ጥፋት የተሰጠ። የጣሊያንን ጦርነት ከታሪክ ጎትቶ አምጥቶ ጀርባው ላይ የጫነ አልነበረም። ሳቶ ሲሳሳት ግን የሚጠራው አንድ ሙሉ ጦርነት ነው። ልዩነቱ ይኸ ነው። አንዱ በስሙ ይሰደባል፤ ሌላው በፓስፖርቱ።

ሌላም አለ። ካናዳዊው ዢል ቪልነቭ በ1979 ዛንድቮርት ላይ ጎማው ፈንድቶ፣ መኪናውን በሦስት ጎማ እየጎተተ፣ ብረት በአስፋልት ላይ እያፋጨ ወደ ቡድኑ ተመለሰ። ዕብደት ነው። ዛሬም ድረስ ግን እንደ ጀግንነት ይተረካል። ቪልነቭ ያሸነፈው ስድስት ግራንድ ፕሪ ነው፤ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም፤ ግን ስሙ ሲነሳ ጸሐፊዎች እንባ ያቀርራሉ። አሌክስ ዛናርዲ በ1996 ላጉና ሴካ ላይ በመጨረሻው ዙር ከመንገዱ ወጥቶ አፈር ረግጦ ቀደመ፤ ያም ተአምር ተባለ።

በ2012 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሳቶም በመጨረሻው ዙር፣ በመጀመሪያው ኩርባ፣ መሪውን ዳሪዮ ፍራንኪቲን በውስጥ በኩል ለመቅደም ገባ። መኪናው ተሽከረከረ፤ ግድግዳው ተቀበለው። ሁለተኛ ሆኖ መጨረስ ይችል ነበር። 796 ኩርባ አልፎ፣ አሸናፊው በሚለይበት ዙር አልሞከረም ቢባል ኖሮስ? «ፈሪ ነው፣ ጃፓኖች ታዛዥ ናቸው» ይሉት እንደነበር እናውቃለን። መሞከሩ ካሚካዜ፣ አለመሞከሩ ታዛዥነት። ለአንድ ሰው ሁለት በር ተከፍቶለት ሁለቱም ወደ አንድ ጓዳ የሚያስገቡ ከሆነ፣ ነገሩ ስለ አነዳድ አይደለም።

«የሆንዳ ልጅ»

ሁለተኛዋ ክስ ደግሞ ገንዘብ ናት። ሆንዳ ባይኖር ሳቶ አይኖርም ይላሉ። ይህቺ ክስ ዕድሜ ጠገብ ናት። በ1987 ሳቶሩ ናካጂማ ሙሉ ዓመት በመወዳደር የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆኖ ፎርሙላ 1 ሲገባም የሎተስ ሞተር ሆንዳ ስለሆነ ነው ተብሏል። እውነትነት አላት። ትምህርት ቤቱ የሆንዳ ነው፤ የባር ሞተር ሆንዳ ነው፤ ሱፐር አጉሪም በሆንዳ ሞተር ነው የቆመው። በሩን የከፈተችለት ሆንዳ ናት።

ግን በዚህ ስፖርት በሩ በነጻ የተከፈተለት ማነው? በ1991 ሚካኤል ሹማከር በጆርዳን መኪና የመጀመሪያ ውድድሩን ሲነዳ ወንበሩን የከፈለለት መርሴዲስ ነው። ኒኪ ላውዳ ከባንክ ተበድሮ ነው ወንበር የገዛው። እነዚህ ታሪኮች ሲነገሩ «ብልጥ»፣ «ቆራጥ» ይባላል። ገንዘቡ ከቶኪዮ ሲመጣ ብቻ ለምን «ስጦታ» ይሆናል?

ደግሞ ሳቶ ወደ አሜሪካ ሲሄድ በ2010ና በ2011 የኢንዲካር መኪኖች ሁሉ የሚነዱት በሆንዳ ሞተር ነበር። ሁሉም! ታዲያ ሁሉም የሆንዳ ልጆች ናቸው? በ2017ም ሳቶ ያሸነፈበትን ውድድር ያስታወሰ አንድ ነገር ያስታውስ፤ ያኔ የቡድን ባልደረባው የነበረው አሎንሶ የዚያኑ የሆንዳ ሞተር ይዞ ተሰልፎ ነበር፤ ሞተሩ ውድድሩ ሳያልቅ ተቃጠለበት። ሞተር ዘመድ አያውቅም።

ያ ግንቦት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እሑድ ግንቦት 28 ቀን 2017። 200 ዙር፣ 500 ማይል። አምስት ዙር ሲቀር ሳቶ ብራዚላዊውን ኤሊዮ ካስትሮኔቬስን ቀደመ። ካስትሮኔቬስ ያን ውድድር ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው፤ ለአራተኛው ነበር የመጣው። ደጋግሞ ሞከረ፤ ሳቶ በሩን አልከፈተም። ልዩነቱ 0.2011 ሰከንድ። ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይቆይም። በውድድሩ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ ከእስያ የመጣ ሰው ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር።

በዚያው ቀን የዴንቨር ፖስት ጋዜጣ የስፖርት ጸሐፊ ትዊተር ላይ ጻፈ። በግል ምንም የለኝም፣ ነገር ግን አሜሪካ በጦርነት የወደቁባትን በምታስብበት ሳምንት ጃፓናዊ ማሸነፉ በጣም አልተመቸኝም የሚል ነበር መልእክቱ። ጸሐፊው ይቅርታ ጠየቀ። ጋዜጣው በማግስቱ ይቅርታ ጠይቆ ከሥራ አሰናበተው።

ብዙ ሰው «እሰይ!» አለ። እኛ እሰይ አላልንም፤ ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ ለዚህ ትውልድ ጋዜጠኛ አይነገረውም። ግን ያዘንነው ለእሱ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ተባረረና ሙያው ሁሉ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። የተባረረው ሰውዬ ምን አዲስ ነገር ተናገረ? ካሚካዜ የምትለዋ ቃል ስትጻፍ ጦርነቱ አብሯት አልተጻፈም እንዴ? «በግል ምንም የለኝም» ማለቱስ፣ «ሳቶን ማን ያውቀዋል?» ከማለት በምን ይለያል? ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው። ሰውየውን አላየሁትም፤ ያየሁት ባንዲራውን ነው። እሱ ሌሎች በየቀኑ በቅጽል እየሸፈኑ የሚሉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስላፈረጠው ነው የተያዘው።

ሳቶ ያኔ 40 ዓመቱ ነበር። የተወለደው ጦርነቱ ካበቃ 32 ዓመት ቆይቶ ነው።

ነገሩ በዚያ አለማብቃቱን ደግሞ 2019 አሳየን። በነሐሴ ፖኮኖ ላይ በመጀመሪያው ዙር አምስት መኪኖች ተላተሙ፤ ሳቶ አንዱ ነበር። ገና አቧራው ሳይወርድ ጥፋቱ የእሱ ተባለ፤ ቡድኑ የመኪናውን መረጃ አይቶ መሪውን ወደሌሎቹ አላጠፈም ብሎ ተሟገተለት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሰው ሊለያይ ይችላል፤ የእሽቅድምድም ፍርድ ሁሌም ያከራክራል። እኛን የገረመን ፍርዱ የወጣበት ፍጥነት ነው። የቆየው ስም ፋይሉን አስቀድሞ ጽፎለት ነበር። በሳምንቱ ሴንት ሉዊስ አጠገብ ባለው ጌትዌይ ገና በጊዜ ወደ ኋላ ከቀረ በኋላ ተነስቶ አሸነፈ፤ በ0.0399 ሰከንድ። መልሱን በአፉ አልሰጠም።

በ2020ም በኮሮና ምክንያት ባዶ በሆነው ስታዲየም 111 ዙር የመራውን ስኮት ዲክሰንን ቀድሞ እየመራ ሳለ ከኋላ ሌላ መኪና ተጋጨና ውድድሩ በማስጠንቀቂያ ባንዲራ አለቀ። «ዕድል» አሉ። ሲጋጭ ባሕርይው፣ ሲያሸንፍ ዕድሉ!

ሙገሳውም ያው ነው

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በስድብ ብቻ አይደለም ሰው የሚጠፋው። «የእስያ ኩራት»፣ «የሳሙራይ ልብ» እያሉ የሚያሞግሱትም ያንኑ ይሠራሉ። ሳሙራይ ሎንግ ቢች ላይ ምን አባቱ ያውቃል? ያን ቀን ያሸነፈው ለኤ.ጄ. ፎይት ቡድን የሚነዳ ሰው ነው፤ ቡድኑ ከ2002 ወዲህ አሸንፎ አያውቅም ነበር። ይህ ነው ዜናው! አሥር ዓመት በላይ የደረቀ ቡድን ውስጥ ገብቶ ውኃ ያወጣ ሰው። ሰይፍና ቼሪ አበባ ምን ጨመረበት?

«የመጀመሪያው ጃፓናዊ» መባሉ እውነት ነው፤ እኛም ከላይ ብለነዋል፤ መዝገብ ነውና ይጻፍ። ግን በአንደኛው መስመር ተጽፎ በሁለተኛው ስለ ሰውየው ካልተጻፈ፣ ሙገሳው ራሱ ስድቡ የቆመበት መሬት ላይ ነው የቆመው።

እኛስ?

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን። የሩጫ ውድድር በውጭ ቋንቋ ስንከታተል ምን እንሰማለን? «ምሥራቅ አፍሪካውያኑ ፊት ላይ ናቸው።» ስም የለም! አንዷ ከአርሲ ናት፣ አንዱ ከኬንያ ነው፣ አንዱ ባለፈው ወር ጉዳት ነበረበት፤ ግን ሁሉም አንድ ጅምላ ናቸው። ከኋላ የሚከተለው አውሮፓዊ ደግሞ ስሙም፣ አሠልጣኙም፣ የልጅነቱ ታሪክም ይነገርለታል። ይህን ስንሰማ ቴሌቪዥኑን ልንሰብር እንደርሳለን። ተገቢም ነው።

ታዲያ እኛ በተራችን ብዕሩ እጃችን ሲገባ «ጃፓናዊው አዛውንት» እንላለን? የእንግሊዝኛውን ዜና ስንተረጉም ካሚካዜዋንም አብረን እናስገባለን? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸ አይደለምን? ከመካከላችን አንዷ ስፖርት ዴስክ ልሥራ ብላ ስትጠይቅ «ሴት ደግሞ ስለ መኪና ምን ታውቃለች?» ተብላለች። ቅጽሏ ከሥራዋ ቀድማ በሩን ዘጋችባት። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። መጀመሪያ ስሙን ጻፉ። ቀጥሎ የሠራውን። የመጣበትን አገር፣ ዜናው ካስፈለገው፣ ከዚያ በኋላ። ሲሳሳት ስህተቱን ጻፉ፤ ከነኩርባው፣ ከነዙሩ። አገሩን ግን በስህተቱ አትክሰሱ።

በዚያ ግንቦት 2025 ውድድር ሳቶ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? 51 ዙር መራ፤ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ። ከዚያ ጎማ ሊቀይር ሲገባ ፍሬን ዘግይቶ የቡድኑን ቦታ አልፎት ሄደ፤ የያዘው ድልም በዚያው አመለጠው። ጥሩውም ጥፋቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ። «ጃፓናዊው አዛውንት» በሚል ርዕስ ሥር ይህ ታሪክ አይገባም፤ ጠቦታል።

ዜናዋን ዛሬ እንደገና ብንጽፋት እንዲህ ትጀምራለች። «ታኩማ ሳቶ በ48 ዓመቱ ከፊተኛው መስመር ይነሳል።» ማነው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ካለ ሁለተኛውን መስመር ያንብብ። ለዚያ ነው እኮ የምንጽፈው።